ከትምህርቱ ያልሰማሁት ግማሽ

ሰኞ፣ 4

ይህ ደብተር የቅጣት ደብተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ «በክፍል ውስጥ ያለ ፈቃድ አልናገርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት መቶ ጊዜ ተጽፏል። የተረፈው ገጽ ባዶ ከሚቀር ያለ ፈቃድ ልናገርበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር መጥታ ሴቶቹን ለብቻችን ሰበሰበችንና ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ማስተማር ጀመረች። የባዮሎጂ መምህራችን በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀናል። አረንጓዴ ጋዋኑን አውልቆ ስለማያውቅ ክሎሮፊል እንለዋለን። ሲስተር ሥዕሉን ስትሰቅል ጆሮው ቀላ። «ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው» ስትል ግንባሩ ላብ አወጣ። ይኸው ሰውዬ ስለ አበባ መራባት ሁለት ወር ሙሉ ሳይደክመው አስተምሮናል። እጄን አወጣሁ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ለመምህራችን ወንበር ይሰጠው። ሊወድቅብን ነው።»

ሲስተር ራሷ ሳቀች። ክሎሮፊል ግን ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ከአርባ ደቂቃው ትምህርት ሃያውን ሰማሁ፤ ሃያውን ኮሪደር ላይ ቆሜ ጉንዳን ቆጠርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፎቶኮፒ የክትባት ቅጼን ይዛልኝ ወጣች። ፎቶኮፒ መምህር ሲያስነጥስም የምትጽፍ ልጅ ናት። ቅጹን እናት ወይም አባት ይፈርማል፤ ክትባቱ የሚመጣው ወር 13 ቀን ነው።

«የቀረብሽን ላንብብልሽ?»

«ዋናውን ሰምቻለሁ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ 5

አባዬ ተመለሰ። በር ሠሪ ነው፤ የብየዳ ሱቁ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ከበሩ ጎን ነው። የየወሩን ግማሽ ሌላ ከተማ በር ሲሰቅል ይቆያል። እኔ በሆዴ ሲሊንደር እለዋለሁ። ከውጭ ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቀው እሳት ያስጠጋበት ነው። ዛሬ ደህና ነው። ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ያረፈበት ሆቴል ጥሩ መሆን አለበት።

አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ፤ ይግባኝ የለም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ብያቸዋለሁ። እማዬ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተከሳሽ ናት፤ ክሱ እስካሁን አልተነበበላትም።

ግድግዳ የሚጋራን ጡረተኛ ደግሞ ሬዲዮ አለው። እኛ ቤት ሰው መመታት ሲጀምር ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲያበቃ ይቀንሰዋል። ሰፈሩ ዜና የሚሰማው በእኛ ምክንያት ነው።

ረቡዕ፣ 6

እማዬ ቤት ውስጥ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። መቀስ ፍለጋ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስከፍት ከክሮቹ ሥር ቢጫ ካርድ አገኘሁ። የጤና ጣቢያው ማኅተም፣ ስሟ፣ «ኤች ፒ ቪ፦ ተገኝቷል»። ከሥሩ፣ «ለሕክምና፦ ሐሙስ 21፣ ክፍል 7»።

«ምንድን ነው?»

«የወገብ ነው።»

«ወገብ ኤች ፒ ቪ ይባላል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ምላስሽን በዚሁ መቀስ እቆርጠዋለሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ካንሰር አይደለም። ምልክት አለ፤ ካንሰር እንዳይሆን ነው የሚያክሙኝ። ደቂቃም አይፈጅም ብለውኛል። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ቀኑ እስኪደርስ ብቻ» አለችኝ።

የእኔም ቅጽ ላይ ያሉት እነዚያው ፊደሎች ናቸው። አሳየኋት።

«ለእኔ ስጪኝ፣ ዝም ብዬ እፈርምልሻለሁ።»

እሰጣታለሁ። ምን ያጣድፋል።

ቅዳሜ፣ 9፣ ከምሳ በኋላ

ቶሎ። ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሳህኖቹ። የስፌት መኪናው ራስ ወለሉ ላይ። የእማዬ ጆሮ እየደማ ነው። ሬዲዮው ነገ ፀሐያማ ነው ይላል።

መሳቢያውን ዘግቼዋለሁ።

እሑድ፣ 10

እማዬ ግራ ዓይኗ አልከፈት ብሏል። በቀኙ ዓይኗ ሳህን ስብርባሪ ትለቅማለች። እኔ ሰሌን ላይ ተኝቼ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ይህን እጽፋለሁ።

ትናንት ምሳ ላይ አባዬ ጥሩ መንፈስ ላይ ነበር። እኔም ቅጹን አወጣሁ። ፍርድ ቤቱ «ይኼ ደግሞ የምን ወረቀት ነው?» ሲል ተነሥቼ ቆምኩ፣ ያያቴን መነጽር አደረግኩ፣ በሲስተር ድምፅ ሙሉ ትምህርቱን ሰጠሁ። የሰማሁትን ማለቴ ነው። የክሎሮፊልን ላብ ሳይቀር ሠራሁላቸው። አባዬ እስኪያስለው ሳቀ።

«ታዲያ ይኼ በሽታ የባለጌ በሽታ ነዋ» አሉ አያቴ።

«ያለ ግንኙነት አይመጣም ብላለች ሲስተር» አልኩ፤ ጣቴን ወደ ላይ አድርጌ።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አየኋት፤ ግን ሰው እየሳቀልኝ ማቆም አልችልበትም።

«እስኪ አምጪው፣ ፈርሜ ልገላገል» አለ አባዬ። ከእማዬ መሳቢያ እስኪብርቶ አመጣሁለት። አልጽፍ አለ። «ሌላ አለ?» አለና ራሱ ተነሥቶ ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ቢጫውን ካርድ ከእኔ ቅጽ ጎን አስቀመጠው። ጣቱን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እየወሰደ አነበበ፤ ልክ የበር ልኬት ሲያመሳክር እንደሚያደርገው። ፊቱ ምንም አልሆነም። ሲሊንደር ከመፈንዳቱ በፊት ድምፅ የለውም።

«ከማን አመጣሽው?»

እማዬ «እኔ እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር። ሳህኑ ጆሮዋ ላይ ተሰበረ። ፀጉሯን ይዞ ግንባሯን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በየመካከሉ «ከማን?» እያለ፣ ልክ መልሱ እንጨቱ ውስጥ ያለ ይመስል። የስፌት መኪናውን አንሥቶ ወለሉ ላይ ሲጥለው ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። እኔ መነጽሩን አላወለቅኩም ነበር። በአያቴ መነጽር ሁሉም ነገር ትልቅ ነው።

ፍርድ ቤቱም ወሰነ። «የሠራሽውን ታውቂያለሽ።»

እኔ ግን ምንም አላልኩም። ሲስተር ያለችውን ነው የደገምኩት። መሳቢያውንም ዘግቼዋለሁ መሰለኝ።

ሰኞ፣ 11

ትምህርት ቤት። ኋላ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ «አባትሽ ቅዳሜ ማንን ነበር የሚበይደው? እኛ ሰፈር ድረስ ተሰማ» አለኝ። ዘሎ መምታት ስለሚያስፈልግ ወንበር ላይ ወጥቼ በቴስታ አልኩት። አፍንጫው ደማ። እኔም ግንባሬ አበጠ። እማዬም ግንባሯ አብጧል። ማታ ስታየኝ «ማን መታሽ?» አለች። «እኔ ነኝ የመታሁት» አልኳት። ሳትስቅ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ልጁ ሲወድቅ ደስ ብሎኝ ነበር። «ማን ነው የሚበይደው? ማን?» እያልኩ ነበር የምመታው። ፎቶኮፒ ናት የነገረችኝ።

ረቡዕ፣ 13

የፎቶኮፒን ደብተር ተዋስኩ። በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አነበብኩት። ኮሪደር ላይ ጉንዳን ስቆጥር ሲስተር እንዲህ ብላ ነበር፤ ቃል በቃል፣ ፎቶኮፒ ናትና።

«ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያገኘው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዴ ግን ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ስለዚህ መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ወንዱም ምንም ሳያመው፣ ሳያውቀው ይዞት ሊኖር ይችላል። የተገኘባት ሴት ጥፋተኛ ናት ማለት አይደለም፤ ታማለች ማለትም አይደለም። በጊዜው ከታከመች ወደ ካንሰር አይደርስም። ከዘገየች ግን ይደርሳል።»

ከሥሩ በቀይ፦ «ይህንን ለቤተሰባችሁ ንገሩ።»

ለቤተሰብ እንድንናገር የታዘዝነው ሁለተኛውን ሃያ ደቂቃ ነበር። እኔ ቤት ይዤ የገባሁት የመጀመሪያውን ነው። እማዬ «ለእኔ ስጪኝ» ብላኝም ነበር። በሰው ፊት መቆም አማረኝ።

ለአባዬ አሁኑኑ አነብለታለሁ ብዬ ሄድኩ። ላሜራ እየቆረጠ ነበር፤ ፍንጣሪው እስከ ጫማዬ ይመጣል። መከላከያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩ።

ለክሎሮፊል ወንበር ያስፈልገዋል ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ 14

ካርዱን በብየዳ እሳት አቃጠለው። እማዬ እንድታይ ጠርቷት ነው። ከዚያ ለግቢያችን በር አዲስ መወርወሪያ በየደ፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። እኔ ለትምህርት እወጣለሁ፣ ሌላ ማንም አይወጣም። የሰው በር ሲሠራ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ይለውጣል። የእኛን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

«ሐሙስ የት እንደምትሄጂ አይሻለሁ» አላት።

ካርዱ ቢቃጠልም ቀኑን እኔ አውቀዋለሁ። ሐሙስ 21፣ ክፍል 7። ሐሙስ 21፣ ክፍል 7። ይኼን ሁለት መቶ ጊዜ ብጽፈው ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ 18

ለእማዬ ሁለተኛውን ግማሽ በሹክሹክታ አነበብኩላት። «አውቃለሁ፣ ነግረውኛል» አለች። የሚያውቁት የማይፈቀድላቸው ናቸው፤ የሚፈቅደው ደግሞ አያውቅም።

ይግባኝ የለም ቢባልም ፍርድ ቤት ገባሁ። አያቴ ጥፍራቸውን እየቆረጡ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መቁረጫውን አስቀመጡ።

«ካልታከመችስ ምን ትሆናለች?»

«ትደማለች አሉ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ አሥር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ግን ሽታ አለው፣ ወገብ ያማል፣ ከዚያ...»

«በቃኝ።»

ግድግዳውን እያዩ እንዲህ አሉ። «ታላቅ እህቴ እንዲሁ ነው ያለቀችው። ልብሷን ከከብቱ በረት ኋላ ነበር የማጥብላት፣ ሰው እንዳያይ። ባሏ ሽታውን ጠልቶ ሌላ ቤት ገባ። ለሰው ወባ ነው ብለን ነው የቀበርናት።»

«እሷስ ከማን አመጣችው?»

በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር። «ባሏን እንጂ ወንድ አታውቅም» አሉኝ፤ ከዚያ ከራሳቸው አፍ የወጣውን የሰሙት ይመስል ቀና አሉ። ውሳኔ ግን አልሰጡም።

ሐሙስ፣ 21

ብዙ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት እማዬ ጫማዋን አደረገች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን አልጋ ሥር ከትታ፣ መወርወሪያው ጋ ሄዳ ቆመች። እኔም ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

«ክፈትልኝ። ደቂቃ ነው።»

«ከማን እንዳመጣሽው ንገሪኝና እከፍትልሻለሁ።»

«የማውቀው ወንድ አንተን ብቻ ነው።»

ይህ መልስ ነበር የቸገረው። ሱቁ ውስጥ ገብቶ ቶንዲኖ ይዞ ወጣ፤ ለበር ፍርግርግ የሚሆነውን፣ ጣት የሚያህለውን ብረት። ከጎን ሬዲዮው ከፍ አለ። እማዬ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። ድምፁ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለው ድምፅ ነው። ሁለተኛ ሲያነሣ እጁ ላይ ተንጠልጥዬ አውራ ጣቱ ሥር ነከስኩት። ጥርሴ እስኪገናኝ። ምራቄ ብረት ብረት ይል ነበር። ወረወረኝ፤ ጀርባዬ ላሜራው ላይ አረፈ።

የእማዬ ክንድ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። እሷ አትጮህም። እንደ ሕፃን ይዛዋለች።

በዚህ ጊዜ አያቴ ወጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ወጥተው አያውቁም። ግድግዳውን እየያዙ መጥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ክፈት።»

«እናቴ፣ አንቺ አትግቢበት...» አለ አባዬ።

«እጇ ሰማያዊ ሆኗል። እዚህ ብትሞት ፖሊስ የሚጠይቀው አንተን ነው። ክፈት አልኩህ።»

ሲሊንደር ፈራ። አየሁት። የእናቱን ዓይን ሳያይ ቁልፉን አወጣ፤ የነከስኩት ቦታ ደም ያንጠባጥባል። «ከመሰላል ወደቀች በሉ» አለ። መወርወሪያውን የከፈተው ራሱ ነው።

ጤና ጣቢያ። የእማዬን ክንድ ጀሶ አደረጉላት። እስኪደርቅ ስትጠብቅ ሮጬ ክፍል 7 ገባሁ። ያቺው ሲስተር። ወዲያው ለየችኝ፤ «የወንበሯ ልጅ መጣች» አለች።

«የሐሙስ 21 ቀጠሮ የያዘችው እናቴ ናት። ካርዷ ተቃጥሏል። እጇ ተሰብሯል። አሁን ካልታከመች ሌላ ቀን አትመጣም።»

ሲስተር መዝገቡን ገለጠች፤ ስሟ አለ። ራሷ ሄዳ ደግፋ አመጣቻት። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ነበርኩ። የእማዬ ድምፅ የለም፤ የመሣሪያ ጩኸት፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ጩኸት። እማዬ «ይኼው ነው?» ስትል ሰማሁ። አዎ፣ ይኼው ነበር። አሥራ ሁለት ቀን የተመታችበት ነገር እንቁላል እስኪቀቀል እንኳ አልፈጀም።

«እጅሽስ?» አለች ሲስተር።

«ከመሰላል ወድቄ ነው።»

«ይኼ መሰላል ብዙ ሴት ነው የሚጥለው» አለች ሲስተር። ጉዳቱን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት። የት ሄዳ መክሰስ እንደምትችል ነገረቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁስሉ እንዲድን ስድስት ሳምንት ከባለቤትሽ ጋር መኝታ የለም። ትችያለሽ?» አለቻት።

ክንዷ ሲሰበር ያላለቀሰችው ሴት ያኔ አለቀሰች።

ቤት ስንመለስ አያቴ «ምን አሉሽ?» አሉ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስድስቱን ሳምንትም። አልጋቸውን አዩ። «እዚህ እኔ ዘንድ ትተኛለች» አሉ። ውሳኔው ተለውጧል ማለት ነው።

እሑድ፣ 24

ሦስት ቀን ታገሠ። ዛሬ ከምሳ በኋላ መጣ፤ ጠጥቷል። እኛ ሦስታችንም አያቴ ክፍል ነበርን። «ሚስቴን አምጡ» አለ። አያቴ ከውስጥ ቆልፈዋል። በእግሩ ይመታው ጀመር። አባዬ የብረት በር ነው የሚሠራው፤ የእንጨት በር ይንቃል። ማጠፊያው ላይኛው ብሎን ወጣ። ሬዲዮው ጣሪያውን ነካ።

እማዬ በግራ እጇ መቀሱን ይዛ ነበር። አያቴ እማዬ ፊት ቆመው ነበር። እኔ ምንም ስላልነበረኝ የፎቶኮፒን ደብተር ይዤ ነበር።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማንበብ ጀመርኩ። በክፍል ድምፅ አይደለም፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። «ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያገኘው ነው።» ግው። «ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል።» ግው። ሁለተኛው ብሎን። «መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።»

ሬዲዮው ቆመ።

እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በእንዲህ ያለ ሰዓት ቆሞ አያውቅም። ቀንሶት አይደለም፤ አጠፋው። መንገዱም ዝም አለ። ድምፄ ለራሴ ተመልሶ መጣብኝ። «ወንዱም ምንም ሳያመው፣ ሳያውቀው ይዞት ሊኖር ይችላል።»

አባዬ መምታቱን ተወ። ጡረተኛው ሰምቷል፣ ሰፈሩ ሰምቷል፤ እንደገና ቢመታ ያም ይሰማል።

አያቴ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ሳይጮሁ፣ በበሩ ስንጥቅ ጠየቁት። «ልጄ፣ እዚያ ስትሄድ ሸሚዝህን የሚተኩስልህ ማን ነው?»

ጠበቅን። እኔ ሆቴሉ የሚል መልስ ይሰጣል ብዬ ነበር።

ዕቃውን ሲጭን ሰማነው። ሌላ ከተማ በር ሊሰቅል ሄደ፤ በእሑድ ቀን። መወርወሪያውን ክፍት ትቶታል።

ዓርብ፣ 13፣ አዲስ ወር

ሃያ ሁለት ቀን ሞላ፤ ሃያ ቀረ። በጠመኔ ግድግዳው ላይ የሚያሰምሩት አያቴ ናቸው።

ዛሬ ክትባቱን ወሰድኩ። ቅጹን እማዬ በግራ እጇ ፈረመችው፤ ፊርማዋ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ሲስተር አይታው ማኅተሟን መታችበት። ክሎሮፊል ሰልፉ ጋ ወንበር ይዞ ቆሞ ነበር። «ለማን ነው?» ስለው፣ «ለሚያዞራት» አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። ሰውዬው ቀልድ ይችላል፤ ደብቆን ነው።

ከሰዓት እማዬ ለሚጠገነው የስፌት መኪና ክር ስትለይ ጎኗ ተቀመጥኩ። የእኔ ግራ ክንድ ያማል፣ የእሷ ቀኝ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው እንወጣለን። ያኔ ነገርኳት።

«መሳቢያውን አልዘጋሁትም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቅጹንም እንድትፈርሚልኝ ብሰጥሽ ኖሮ...»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «መሳቢያ ሰው አይመታም» አለችኝ።

አዲሱን ካርድ መሳቢያው ውስጥ አልከተተችውም። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በመርፌ ሰክታዋለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ ሲስተር የሰጠቻት የክስ ወረቀት አለ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን፤ አያቴ ምስክር ነኝ ብለዋል።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። የሚያንኳኳውን አውቀዋለሁ፤ አባዬ የሚያንኳኳው በመዳፍ ነው። አሁን ግን መወርወሪያውን ከውስጥ የዘጋነው እኛ ነን።

እማዬ መርፌዋን አስቀመጠች። አያቴ ከአልጋቸው ወረዱ። ከግድግዳው ወዲያ ጡረተኛው ሬዲዮውን አጠፋ።